አዳማ ላይ ሆኖ ፀሐይን መከታተል፦ የትኛው የሕዋ አየር ሁኔታ መሣሪያ ለየትኛው ሥራ?

ባለፈው መስከረም አጋማሽ ላይ ከአዳማ ወጣ ብሎ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ከሚሽከረከሩበት ኮረብታ ግርጌ፣ የአንድ መዳረሻ መንገድ የመጨረሻ ነጥቦችን ስንለካ መሸብን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40 ሆኗል፤ የምንሠራው በባትሪ ብርሃን ነው። ሮቨሩ፣ ማለትም ከነጥብ ወደ ነጥብ የምናዞረው የጂፒኤስ ተቀባይ፣ የተሰካበት ዘንግ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የውኃ ልኩ አረፋ ከክቡ መሐል ንቅንቅ አላለም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ቤዙ፣ ማለትም በታወቀ ነጥብ ላይ ቆሞ ማረሚያ የሚልክልን ተቀባይ፣ ከእኛ 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም። ድንገት በመቆጣጠሪያው ስክሪን ላይ ልኬቱ መጽናቱን የሚናገረው «ፊክስ» የሚለው ጽሑፍ፣ ልኬቱ መላላቱን የሚናገረው «ፍሎት» ሆነ። 2 ሴንቲ ሜትር የነበረው የስህተት ግምት 60 ገባ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ፤ ነጥቡን ልንመዘግብ ስንል እንደገና ጠፋ። አብሮኝ የነበረው ወጣት ቀያሽ ስልኩን አውጥቶ አየና «ጋሼ፣ ኬፒው 1 ነው፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው፤ የፀሐይ ማዕበል የለም» አለኝ።

ልክ ነበር፤ ኬፒ፣ ማለትም የመግነጢስ ማዕበልን ብርታት የሚናገረው ቁጥር፣ ዝቅ ያለ ነበር፤ ማዕበል አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተመልሰን የቀሩትን 11 ነጥቦች ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ለካናቸው። መሣሪያው ያው ነው፣ ቤዙ ያው ነው፣ ሰዎቹም ያው ነን። ስልኩ ላይ ያለው መተግበሪያ አልዋሸም፤ የሚመልሰው ግን የሰሜን አውሮፓንና የካናዳን ሰው ጥያቄ ነው። እኛ አዳማ ላይ የምንጠይቀው ሌላ ነው።

የሕዋ አየር ሁኔታን፣ ማለትም ፀሐይ በምድር ዙሪያ ባለው ሕዋና በላይኛው አየር ላይ የምታመጣውን ለውጥ፣ የሚከታተሉና የሚያሰሉ መሣሪያዎች ባለፉት ጥቂት ዓመታት በብዛትም በጥራትም አድገዋል። አብዛኞቹ በነጻ ይገኛሉ። ችግሩ ምርጫው ላይ ነው፤ አንዱ ለአንዱ ሥራ ወርቅ ሲሆን ለሌላው ጊዜ ማባከኛ ይሆናል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት በአዳማና በአካባቢዋ ለሚሠሩ ቀያሾች፣ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ለሚገናኙ ድርጅቶችና ጉዳዩን ለማጥናት ለሚፈልጉ ተማሪዎች ነው። የውጭ ክንውኖችን ዓመት የጠቀስኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የቆምንበት ቦታ

መሣሪያ ከመምረጥ በፊት ቦታን ማወቅ ይቀድማል። የመግነጢስ መርፌን ወገቧ ላይ በክር አንጠልጥለው አዳማ ላይ ቢይዟት ወደ ሰሜን ትዞራለች እንጂ አፍንጫዋን ወደ መሬት አትደፋም ለማለት ይቻላል። ያችው መርፌ አውሮፓ ውስጥ ወደ መሬት ታቀረቅራለች። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ስለሚያልፍ የምድር መግነጢስ መስመሮች ከእኛ በላይ አግድም ተዘርግተዋል። አዲስ አበባ ላይ የመግነጢስ መለኪያ ጣቢያ የተቋቋመውም ለዚህ ነው፤ ጣቢያው መነሻው ከ1957 እስከ 1958 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነው።

ይህ አቀማመጥ የራሱ የሆነ ምሽት አለው። ቀን ቀን ፀሐይ አዮኖስፌር በተባለው የላይኛው የአየር ክፍል ውስጥ ካሉት አተሞች ኤሌክትሮኖችን ትነጥላለች። ስትጠልቅ የታችኛው ንብርብር ቶሎ ይሟሽሻል፤ የላይኛው ግን እንደ ታጨቀ ይቆያል። በዚያው ሰዓት በምሥራቅና በምዕራብ መካከል የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ ይህን የታጨቀ ንብርብር ወደ ላይ ይገፋዋል። ከላይ የከበደ፣ ከታች የሳሳ ሲሆን ውጤቱን እንጀራ የጋገረ ሁሉ ያውቀዋል። ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሊጥ ከሥር እየተነሣ ዓይን እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ከታች የሳሳው ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዝ) አረፋ እየሆነ በከበደው ውስጥ ሰንጥቆ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። ከሳተላይት የሚመጣው የጂፒኤስ ምልክት በእነዚህ ዓይኖች ጠርዝ ሲያልፍ ይርገበገባል፤ ተቀባዩ የምልክቱን ዑደት መቁጠር ይስታል፤ ፊክሱ ይፈታል።

ልብ ይበሉ፣ ለዚህ ማዕበል አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ንቁ ፀሐይ፣ ትክክለኛው ወር እና ትክክለኛው ሰዓት ነው። በእኛ አካባቢ ወሩ በአመዛኙ ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት የመስከረምና የመጋቢት ዙሪያ ነው፤ ሰዓቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ እኩለ ሌሊት። እንዲያውም ትልቅ ማዕበል አንዳንድ ጊዜ ምሽቱን ያረጋጋዋል። ማዕበሉ የሚያመጣው የኤሌክትሪክ መስክ ልክ በመሸ ጊዜ ሲደርስ አረፋውን ሊያባብስ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ በማዕበሉ ሙቀት የተነሣው የላይኛው ነፋስ ደግሞ መስኩን ገልብጦ አረፋው እንዳይነሣ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ኬፒ 1 ሆኖ ሥራ የሚፈታ ምሽት አለ፤ ኬፒ 7 ሆኖ ፊክስ የማይነቃነቅበት ምሽትም አለ።

ኬፒና የማዕበል ማስጠንቀቂያዎች

ኬፒ ከ0 እስከ 9 የሚሄድ፣ በየ3 ሰዓቱ የሚወጣ ቁጥር ነው። የሚያወጣው በጀርመን ፖትስዳም የሚገኘው የጂኦሳይንስ ምርምር ማዕከል ሲሆን መረጃውን የሚሰበስበው ከ13 የመግነጢስ ጣቢያዎች ነው። ጣቢያዎቹ ሁሉ ከመግነጢሳዊው ወገብ በእጅጉ የራቁ ናቸው። ማዕከሉ በቅርብ ዓመታት ኤችፒ30 እና ኤችፒ60 የተባሉ ተጨማሪ ቁጥሮች ማውጣት ጀምሯል፤ አንዱ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ሌላው በየሰዓቱ ይታደሳል፤ ጣሪያቸውም 9 ላይ አይቆምም። በኬፒና በእነዚህ መካከል ለሚያማርጥ ሰው ኤችፒ60 ይሻላል፤ 3 ሰዓት መጠበቅን ያስቀራል። ለእኛ ግን ከሁለቱም ይልቅ የጃፓኑ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው ዲኤስቲ ቅርባችን ነው፤ ከዝቅተኛ ኬክሮስ ጣቢያዎች ስለሚሰላ በወገብ ዙሪያ ያለው የመግነጢስ መስክ ምን ያህል እንደተዳከመ ይነግረናል። በ2024 ግንቦት ወር መጀመሪያ ላይ ደረጃው ጂ5፣ ማለትም የመጨረሻው ከፍተኛ ደረጃ፣ የደረሰው ማዕበል ሲመጣ ይህ ቁጥር ወደ -400 ናኖቴስላ ወርዶ ነበር።

ማስጠንቀቂያ የሚሰጡት መሣሪያዎች በእርግጥ ተሻሽለዋል። በኮሎራዶ ቦልደር የሚገኘው የአሜሪካ የሕዋ አየር ሁኔታ ትንበያ ማዕከል ለዓመታት የፀሐይን ዙሪያ የሚያይባት ዋና ዓይን በ1995 የመጠቀችው ሶሆ የተባለችው መንኮራኩር ነበረች። በሰኔ 2024 የመጠቀችው ሳተላይት ጎዝ-19 ለትንበያ ሥራ ታስቦ የተሠራ ኮሮናግራፍ፣ ማለትም የፀሐይን ገጽ ከልሎ ዙሪያዋን የሚያሳይ መነጽር፣ ይዛለች። በመስከረም 2025 ደግሞ ሌላ ኮሮናግራፍ የያዘች፣ የፀሐይን ነፋስም የምትለካ መንኮራኩር ከምድር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ኤል-1 ነጥብ ተልካለች። በዚያው ነጥብ ዙሪያ የሕንዷ አዲትያ-ኤል1 ከጥር 2024 መጀመሪያ ጀምሮ ትሠራለች።

ከእነዚህ የሚገኘው ማስጠንቀቂያ በሁለት ይከፈላል። ኤንሊል የተባለው ሞዴል የፕላዝማ ደመናው ከፀሐይ ከተወረወረ በኋላ መቼ እንደሚደርስ ከ1 እስከ 3 ቀን አስቀድሞ ይናገራል፤ ግማሽ ቀን ያህል ቢስት ግን አይገርምም። ከኤል-1 የሚመጣው ልኬት አስተማማኝ ነው፤ የሚሰጠው ጊዜ ግን ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ብቻ ነው። በዋልታ አካባቢ ሌሊት በሰማይ ላይ የሚታየውን ሰሜናዊ ብርሃን የሚተነብዩት መሣሪያዎች ከስልክ ይነሡ፤ ለአዳማ የሚጨምሩት ነገር የለም።

ኬፒን ጨርሰው ይተዉት አልልም። ከ7 በላይ ሲወጣ ከአንድ ቀን በላይ የሚወስድ የስታቲክ ልኬትን፣ ማለትም ተቀባይ አንድ ቦታ ቆሞ የሚሠራውን ልኬት፣ ወደ ሌላ ቀን ማስተላለፍ ተገቢ ነው። ከዚያ በታች ላለው ቁጥር ግን የዕለት ፕሮግራም አይቀየርለትም።

ለሬዲዮ ሰዎች

የአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሚጠቀሙ የዕርዳታ ድርጅቶች፣ የአውሮፕላን ግንኙነት ሠራተኞችና አማተሮች ጠላታቸው ሌላ ነው። ከፀሐይ ብልጭታ የሚወጣው ኤክስሬይ በ8 ደቂቃ ከብርሃኑ እኩል ይደርሳል፤ አስቀድሞ የሚመጣ መልእክተኛ የለውም። ደርሶም ቀን በሆነበት የምድር ክፍል ያለውን የአዮኖስፌር የታችኛውን ንብርብር ያወፍረዋል፤ አጭር ሞገድ እዚያው ይዋጣል። ፀሐይ አናታችን ላይ የምትቆም እንደመሆናችን ዋናው ዱላ የሚያርፈው እኛ ላይ ነው።

ኅዳር 2 ቀን 2018 በእኛ አቆጣጠር፣ ቀን 7 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ ከኃይለኛው የኤክስ ምድብ የሆነ፣ ኤክስ5.1 የተባለ ብልጭታ ጣሪያው ላይ ደረሰ፤ አፍሪካና አውሮፓ ውስጥ ደረጃው አር3 የሆነ የሬዲዮ መቋረጥ አስከተለ። አር3 ማለት ፀሐይ ባለችበት ሰፊ አካባቢ ለ1 ሰዓት ያህል የአጭር ሞገድ ግንኙነት መጥፋት ነው። በዚያ ሰዓት የሬዲዮ ሠራተኛው አንቴናውን ሊፈታ፣ ኬብሉን ሊቀይር፣ ባትሪውን ሊፈትሽ ይችላል፤ ሁሉም ደህና ነው፤ ሬዲዮው ብቻ ዝም ብሏል።

ለዚህ የሚበጀው መሣሪያ ዲራፕ ይባላል። ከቦልደሩ ማዕከል በነጻ የሚወጣ ካርታ ነው፤ ከጎዝ ሳተላይቶች የኤክስሬይ ልኬት ተነሥቶ በየቦታው እስከ ስንት ሜጋኸርዝ ድረስ እየተዋጠ እንደሆነ በቀለም ያሳያል። ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ «ተቋርጧል» ብሎ አይተውዎትም፣ የት ድረስ እንደተቋረጠ ይነግርዎታል። ካርታው እስከ 12 ሜጋኸርዝ ቀይ ከሆነ ወደ 18 ይውጡ፤ መዋጡ በድግግሞሽ መጠን ከፍታ በፍጥነት ይቀንሳልና። ለነገ ወይም ለሚመጣው ወር የድግግሞሽ ዕቅድ ለማውጣት ግን ዲራፕ አይረዳም፤ እዚያ ቮአካፕ የሚባለው የቆየ ፕሮግራም ይሻላል። ቮአካፕ ከአዳማ ወደ ሰመራ ወይም ወደ ጅጅጋ በየሰዓቱ የትኛው ድግግሞሽ እንደሚሄድ የወሩን መካከለኛ ሁኔታ ይሰጣል። የዛሬን ብልጭታ አያውቅም። ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ የሚያዩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ አንዱ የዘመን መቁጠሪያ፣ ሌላው የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ቤት ውስጥ ሁለቱም ይሰቀላሉ።

የኤሌክትሮን ካርታዎች፦ የታየው፣ የተተነበየው፣ የተለመደው

ቀያሽን የሚመለከተው ትልቁ ክፍል ይህ ነው፤ ምርጫውም የሚያደናግረው እዚህ ላይ ነው። በሳተላይቱና በተቀባዩ መካከል ያለው የኤሌክትሮን ብዛት ቴክ ይባላል። 1 የቴክ መለኪያ በጂፒኤስ የመጀመሪያ ድግግሞሽ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ስህተት ይጨምራል። ፀሐይ በበረታችባቸው ዓመታት በምድር ወገብ አካባቢ ከቀትር በኋላ 100 መድረሱ እንግዳ አይደለም፤ 16 ሜትር ማለት ነው። ቤዝና ሮቨር ጎን ለጎን ሲሆኑ ይህ ስህተት እርስ በርስ ይጣፋል፤ ሲራራቁ ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት ይቀራል።

የዚህ ካርታ አቅራቢዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፤ በእኔ ልምድ ሰዎች ገንዘብና ጊዜ የሚያባክኑት እነዚህን በማደባለቅ ነው።

የመጀመሪያው የታየውን የሚያሳይ ነው። ግሎቴክ የተባለው የቦልደሩ ማዕከል ምርት በየ10 ደቂቃው የዓለምን ካርታ ያድሳል። የምድር ላይ የጂፒኤስ ጣቢያዎችን መረጃ ኮስሚክ-2 ከተባሉት 6 ሳተላይቶች ልኬት ጋር ያዋህዳል። እነዚህ ሳተላይቶች በ2019 የተላኩት ከወገብ ከ24 ዲግሪ በማይርቅ ምህዋር ስለሆነ በእኛ ሰማይ ላይ ይመላለሳሉ፤ የምድር ጣቢያ በተራራቀበት በአፍሪካ ቀንድ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ካርታው በሰፋፊ ካሬ የተሳለ ነው። ከቀትር በኋላ ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት ከፍታና ቁልቁለት በደንብ ያሳያል፤ ስፋታቸው አሥርና መቶ ኪሎ ሜትር የሆኑትን የምሽት አረፋዎች ግን አያሳይም። ካርታው ሰላም ስለመሰለ ምሽቱ ሰላም ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው የሚተነብየው ነው። ዋም-አይፒኢ በ2021 ወደ መደበኛ አገልግሎት የገባ ሞዴል ነው፤ ሁለት ቀን ወደፊት ያያል። የዕለቱን የአየር ጠባይ ከሚተነብይ ሞዴል ተነሥቶ ወደ ላይ የተራዘመ በመሆኑ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ወደ አዮኖስፌር የሚልከውን ሞገድ ጭምር ያሰላል። ለእኛ ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ በምድር ወገብ አዮኖስፌር ላይ ከዛሬ ነገ የሚታየው ልዩነት ከፊሉ ከታች ነው የሚመጣው። ሳምንታዊ ፕሮግራም ለማውጣት እመክረዋለሁ። የሰዓት ውሳኔ ግን አላስረክበውም።

ሦስተኛው የተለመደውን የሚናገር ነው። አይአርአይ ለአሥርተ ዓመታት በተሰበሰበ ልኬት ላይ የተገነባ ዓለም አቀፍ ማጣቀሻ ሞዴል ሲሆን 2020 የሚለውን ዓመት የያዘው ዕትሙ በነጻ ይገኛል። ኒክዊክ ደግሞ በጣሊያን ትሪየስቴ ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል እና ከኦስትሪያው የግራዝ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ፈጣን ሞዴል ነው፤ አንዱ ዝርያው የአውሮፓው ጋሊሊዮ ነጠላ ድግግሞሽ ላላቸው ተቀባዮች የሚያቀርበው ማረሚያ ሆኗል። የጂፒኤስ የቆየው ማረሚያ ክሎቡቻር በ8 ቁጥሮች ብቻ የሚሠራ ነው፤ የስህተቱን ግማሽ ያህል ያርማል። ኒክዊክ ከዚያ የተሻለ ነው። በነጠላ ድግግሞሽ የሚሠራ የእጅ ጂፒኤስ ያለው ሰው ጋሊሊዮን የሚቀበል ቢገዛ ልዩነቱን ያየዋል። በሴንቲ ሜትር ደረጃ የመሬት ልኬት ለሚሠራ ግን ሁለቱም አይበቁም።

የራስ ጣሪያ፣ የራስ መለኪያ

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ለአዳማ ቀያሽ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ አዳማ ላይ የተተከለ ነው። የምሽት መርገብገብ የሚለካባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። ኤስ4 የሚባለው መለኪያ የምልክቱን ጥንካሬ በሰከንድ እስከ 50 ጊዜ የሚመዘግብ ልዩ ተቀባይ ይፈልጋል፤ ዋጋውም የምርምር ተቋም ዋጋ ነው። ሮቲ የሚባለው ግን ከተራ ባለ ሁለት ድግግሞሽ ተቀባይ ፋይል ይሰላል። የቴክ መጠን በየ30 ሰከንዱ ምን ያህል እንደተለወጠ ይወሰዳል፤ የ5 ደቂቃው ለውጦች እርስ በርስ ምን ያህል እንደተበታተኑ ይሰላል። ውጤቱ በደቂቃ ከ0.5 የቴክ መለኪያ ሲያልፍ ሰማዩ መሰነጣጠቁን ያውቃሉ።

ለዚህ የሚበቃ ተቀባይ ዛሬ ውድ አይደለም። የስዊዘርላንዱ ዩ-ብሎክስ ኤፍ9ፒ የተባለው ቺፕ ከወጣ ወዲህ ባለ ሁለት ድግግሞሽ ተቀባይ በቀድሞው ዋጋ ቁራጭ ይገኛል፤ ጥሬ መረጃውን አሳልፎ ይሰጣል፤ አርቲኬሊብ የተባለው ነጻ ፕሮግራምም ወደ መደበኛ ፋይል ይቀይረዋል። አንድ ያረጀ ላፕቶፕ፣ አንድ አንቴና፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ፣ በቃ።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ስህተት ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን አንቴና የተከልኩት በቤቴ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ፣ ከክዳኑ አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ ነበር። በየምሽቱ ሮቲው ይዘላል። አረፋ አገኘሁ ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ መዘገብኩ። በኋላ ዝላዮቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደሙ እንደሚመጡ አየሁ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች በሰማይ ላይ ወደነበሩበት የሚመለሱት በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድመው ነው። ስለዚህ የምለካው አዮኖስፌርን አልነበረም፤ ከቆርቆሮው ሞገድ ሞገድ ላይ እየነጠረ የሚመለሰውን ምልክት ነበር። አንቴናውን ከጣሪያው በላይ በ2 ሜትር ቱቦ ሰቀልኩት፤ ከአድማስ 30 ዲግሪ በታች ያሉትን ሳተላይቶች ከስሌቱ አወጣሁ፤ ዝላዮቹ ጠፉ። ከዚያ በኋላ የመጡት እውነተኞቹ ናቸው።

አረፋዎቹ ከተፈጠሩ በኋላ በአመዛኙ ወደ ምሥራቅ ይንሳፈፋሉ። ስለዚህ ከመሸ በኋላ ዓይንዎ በምዕራብ ሰማይ ባሉት ሳተላይቶች ላይ ይሁን። በምዕራብ ያሉት ሁለት ሦስቱ መርገብገብ ሲጀምሩ እጅ ላይ ያለውን ነጥብ ቶሎ መጨረስ ነው። ይህን የሚነግርዎት የዓለም ካርታ የለም።

የተቀባይ አምራቾችም ዝም አላሉም። ትሪምብል በ2023 አዮኖጋርድ የተባለ መከላከያ በተቀባዮቹ ሶፍትዌር ውስጥ አስገብቷል፤ የቤልጂየሙ ሴፕቴንትሪዮ አዮኖ ፕላስ የሚለው አለው። አዲስ መሣሪያ የሚገዛ ሰው በእነዚህና ያለ እነዚህ በሚሠሩት መካከል ሲመርጥ ሻጩ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ በሚያሳየው ሙከራ ብቻ እንዳይረካ እለምናለሁ። በዚያ ሰዓት ሁሉም መሣሪያ ጥሩ ነው። በመስከረም ወይም በመጋቢት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁመው አንድ ሰዓት ያቆዩአቸው። ፊክስ የያዙበትን ደቂቃ ይቁጠሩ። መሣሪያ የሚገዛበት ገንዘብ የአንድ ቢሮ የዓመት ገቢ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ምሽት ይገባዋል።

ለተማሪዎችና ለመምህራን

በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም ያለ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልግ አሁን ቀድሞ የሚያገኘው ሱርያ የተባለውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ነው። ናሳና አይቢኤም በነሐሴ 2025 በነጻ የለቀቁት ነው፤ ኤስዲኦ የተባለችው የፀሐይ ተመልካች የላከችውን የ9 ዓመት ምስል ተምሯል፤ የፀሐይን ገጽ 2 ሰዓት ወደፊት በምስል ይተነብያል። ድንቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሱርያ የሚያየው ፀሐይን ነው፤ ብልጭታን ለሚያጠና ይጠቅማል፤ የአዳማን ምሽት አያውቅም። ኃይለኛ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተርም ይፈልጋል።

ኮምፒውተር ለሌለው ተማሪ የናሳ የጎዳርድ ማዕከል የሚያስተናግደው የጋራ የሞዴል ማዕከል ይሻላል። እዚያ የሚፈልጉትን ሞዴልና ቀን መርጠው ጥያቄ ያስገባሉ፤ ስሌቱን የእነሱ ማሽን ይሠራል፤ ውጤቱን በኢንተርኔት ያያሉ። ክፍያ የለውም። ኤንሊልም፣ የአዮኖስፌር ሞዴሎችም እዚያ አሉ። ከቤልጂየም ሉቨን የመጣው ዩፎሪያ ከኤንሊል ጋር የሚነጻጸር ሞዴል ነው፤ በሁለቱ መካከል የምትመርጡ ከሆነ የምርጫው መነሻ የሞዴሉ ስም ሳይሆን አማካሪያችሁ የትኛውን እንደሚያውቅ ይሁን፤ ሁለቱም ለመማር ወራት ይወስዳሉ።

ከልቤ የምመክረው ግን ሌላ ነው። በአገራችን እጅ ያለ፣ ሌላው ዓለም የሚመኘው መረጃ አለ። የአዲስ አበባው የመግነጢስ ጣቢያ ከወገቡ ሥር ነው፤ ከወገቡ ራቅ ብሎ ዓዲግራት ላይ ደግሞ አምበር ከተባለው የአፍሪካ መረብ አንድ መለኪያ ተተክሎ ነበር። የአንዱን ልኬት ከሌላው ሲቀንሱ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ ቀን ቀን በወገቡ ላይ የሚፈስሰው የኤሌክትሪክ ጅረት ብቻውን ይወጣል። ይህ በአንድ ላፕቶፕ የሚሠራ ሥራ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መስክ ለዓመታት ደክመዋል፤ ለጀማሪ እነሱን ማናገር ከማንኛውም ፕሮግራም ይቀድማል።

ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሱፐርሲድ የተባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቀላል የሬዲዮ መቀበያ ይበቃል። ተማሪዎች በጥቅልል ሽቦ በሠሩት አንቴና የፀሐይ ብልጭታን ይይዛሉ።

ከአህጉራችን የሚመጣ ድምፅ

የደቡብ አፍሪካው ብሔራዊ የስፔስ ኤጀንሲ በኸርማነስ ከተማ ሌት ተቀን የሚሠራ የሕዋ አየር ሁኔታ ማዕከል አለው፤ በ2022 መጨረሻ በአዲስ መልክ ተከፍቷል። ትንበያው በአፍሪካ ሰዓትና በአፍሪካ ጉዳይ ስለሚጻፍ አንድ ገጽ ብቻ የማንበብ ጊዜ ላለው ሰው ከቦልደሩ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ማዕከሉ ራሱ ያለው ከወገብ ርቆ ስለሆነ ስለ ምሽት አረፋ የሚሰጠውን ትንበያ ከጣሪያችሁ ልኬት ጋር አስተያዩት።

በተግባር እኔ ምን እጠቀማለሁ?

ጠዋት ቡና እየጠጣሁ የማየው ቁጥር ኤፍ10.7 ነው፤ በካናዳ ፔንቲክተን የሚለካ የፀሐይ የሬዲዮ ጨረር መጠን። ፀሐይ ስትተኛ 70 አካባቢ ይሆናል፤ ስትበረታ ከ200 ያልፋል። ከ150 በላይ ሆኖ ወሩ መስከረም፣ ጥቅምት፣ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ከሆነ የምሽት ልኬት አልይዝም። ይህ ድንበር የራሴ ነው፤ ከማስታወሻ ደብተሬ የመጣ ነው፤ የእናንተ ቦታ ሌላ ድንበር ሊያወጣ ይችላል። አሁን ያለው የፀሐይ ዑደት ጣሪያውን የነካው በ2024 በመሆኑ በሚመጡት ዓመታት ይህ ቁጥር እየወረደ፣ ምሽቶቻችንም እየተረጋጉ ይሄዳሉ።

ረዥም ርቀት የቤዝ ልኬት ሲኖረኝ ግሎቴክን አያለሁ፤ ከቀትር በኋላ ቁልቁለቱ የበረታ ከሆነ ቤዙን አቀርባለሁ ወይም ሥራውን ወደ ጠዋት አመጣለሁ። ምሽት መሥራት ግድ ሲሆን የጣሪያዬን ሮቲ በስልኬ እከታተላለሁ። ኬፒን የማየው ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ ወይም ዜና ሲሆን ነው።

በመጨረሻ ስለ ሰዓት። ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የሚናገሩት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመቀየር ከዚያ ላይ 3 ይቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀንሱ፤ ከ1 ካነሰ 12 ይጨምሩ። 10፡04 ካለ ቀን 7፡04 ነው፤ 17፡00 ካለ ምሽት 2 ሰዓት ነው። ያ ወጣት ባልደረባዬ ይህን ስሌት በመቆጣጠሪያው ጀርባ ላይ በፕላስተር ጽፎ ለጥፎታል። ከሥሩ ደግሞ በየምሽቱ የሚሞላቸውን አምዶች ጻፈ፦ ሰዓት፣ ፊክስ ወይም ፍሎት፣ ምልክቱ የተርገበገበው ሳተላይት ቁጥር፣ በየት በኩል። እስካሁን ከጻፋቸው መስመሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት «ምዕራብ» በሚለው ቃል ነው።